ማርሽ የሚተፋ ሞተር ሳይክል፦ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከመፈታቱ በፊት ጥፋቱን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ሳለ ሞተሩ በድንገት ጮኸ፤ ጎማው ግን ጉልበት አጣ። ማርሹን መልሼ ባስገባውም ጥቂት ሄዶ እንደገና ተፋው። ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) ያለቀ መስሎኝ አዲስ ሸራ ገዝቼ አስቀየርኩ፤ ችግሩ ግን እንዳለ ቀረ። ገንዘቤን የበላው ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን አንድ አድርጌ ማየቴ ነበር።

ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት የሞተሩ ድምፅ ከፍጥነቱ እየቀደመ ይወጣል እንጂ ጎማው ጨርሶ መገፋቱን አያቆምም፤ በተለይ በከፍተኛ ማርሽና በዳገት ይብስበታል። ማርሽ ሲተፋ ግን ጉልበቱ በአንዴ ይቋረጣል፤ ብዙ ጊዜም እግር ሥር የሚሰማ ምት ይኖረዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ የፍሪሲዮኑ ገመድ ምን ያህል እንደላላና የዘይቱን ዓይነት ይመልከቱ፤ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ዘይት በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ሊያንሸራትት ስለሚችል፣ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን መስማማቱን የሚያሳይ ምልክት የሌለውን እኔ አልገዛም።

ሁለተኛው ከሆነ ከውጭ ይጀምሩ። የማርሽ ፔዳሉ በመውደቅ ተጣሞ ከሞተሩ ሽፋን ወይም ከእግር ማሳረፊያው ጋር የሚነካካ ከሆነ፣ ማርሹ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የፔዳሉ ብሎን ላልቶ ጥርሶቹ ከተበሉም እንዲሁ ነው። በመንገድ ላይ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የመንዳት ልማድ ካለብዎ ደግሞ ያንን ዛሬውኑ ይተዉት፤ በካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚያንሸራትተውን ሹካ ሳያቋርጥ እየገፋ የሚጨርሰው እርሱ ነው። ከዚያም ሞተሩን አጥፍተው የኋላ ጎማውን ከመሬት ያንሱና፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ማርሾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስገቡ። ጎማው ቆሞ ሳለ ማርሽ አልገባ ማለቱ ብልሽት አይደለም። ፔዳሉ በለቀቁት ቁጥር ወደ መካከሉ በፍጥነት የማይመለስ ከሆነ የመመለሻው ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል።

ዋናው ምርመራ የመንገድ ሙከራው ነው፤ ይህን ለመረዳት ግን የውስጡን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በሞተር ሳይክል ካምቢዮ ውስጥ ማርሾቹ ምንጊዜም ጥርስ ለጥርስ ተያይዘው ይዞራሉ፤ ማርሽ ስንቀይር ዘንጉ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተተው ማርሽ በጎኑ ያሉትን አጫጭር መቆለፊያ ጥርሶች በጎረቤቱ ቀዳዳ ውስጥ ይከታል። ተንሸራታቹን የሚገፋው ሹካ ሲሆን፣ ሹካውን ቦይ የተቀረጸበት ከበሮ ይመራዋል፤ ከበሮው ካለበት እንዳይነቃነቅ ደግሞ በሞላ የተወጠረና ጫፉ ላይ ትንሽ ተሽከርካሪ ያለው ክንድ፣ ኮከብ በሚመስል ሳህን ጎድጓዳዎች ላይ እያረፈ ይይዘዋል።

ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በእያንዳንዱ ማርሽ፣ በመጠነኛ ፍጥነት፣ በመጀመሪያ ጋዝ እየሰጡ፣ ቀጥሎም ጋዙን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ሞተሩ እንዲይዝ እያደረጉ ይሞክሩ። ይህንን ከማድረግዎ በፊት ፍሬኖቹ አስተማማኝ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሲወጣ የሞተሩ ያዥነት አብሮ ይጠፋልና። ከዚያ ሦስት ነገሮችን በወረቀት ይጻፉ። የትኛው ማርሽ ነው የሚወጣው? አንድ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ መቆለፊያ ጥርሶች ጠርዛቸው ተበልቶ መድቦልቦሉን ይጠርጥሩ፤ በአንድ ሹካ የሚንቀሳቀሱ ሁለት ማርሾች ከሆኑ ሹካውን፤ ሁሉም ከሆኑ ደግሞ ክንዱን፣ ሞላውንና ኮከቡን። የሚወጣው ጋዝ ሲሰጥ ነው ወይስ ሲዘጋ? ጥርሶቹ በጋዝ ጊዜ በአንዱ ፊታቸው፣ በመዝጊያ ጊዜ በሌላው ፊታቸው ስለሚገፉ፣ የትኛው ፊት እንደተበላ ከዚህ ይታወቃል። ሦስተኛው፣ ማርሹ ወጥቶ ራሱ እየተመለሰ ደጋግሞ ይመታል ወይስ እንደወጣ ይቀራል? ወጥቶ ከተመለሰ ብዙ ጊዜ ከበሮው ቦታውን አልለቀቀም፤ ጥርሱ ነው የሚሸሸው። እንደወጣ ከቀረ ከበሮው ራሱ ዞሯል። በዚህ ጊዜ የነጻ ማርሽ (ማርሽ አለመግባቱን የሚያሳየው) አረንጓዴ መብራት አለመብራቱ አያሳስትዎ፤ እርሱ የሚበራው፣ በብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ባለው፣ በትክክለኛው ነጻ ቦታ ብቻ ነው እንጂ በሦስተኛና በአራተኛ መካከል ለሚፈጠረው የሐሰት ነጻ ቦታ አይደለም።

ከሙከራው መልስ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ያፍስሱና በማግኔት ያስሱት። ማግኔቱ ላይ የሚለጠፍ ግራጫ ልም ብናኝ የተለመደ ነው፤ ስለት ያለው ቁራጭ ካገኙ ግን ከጥርስ ጠርዝ የተሰበረ ሊሆን ስለሚችል ጉዞውን ያቁሙ።

በአብዛኞቹ ባለ አንድ ሲሊንደር ትንንሽ ሞተሮች ክንዱና ኮከቡ የሚገኙት በፍሪሲዮኑ በኩል ባለው ሽፋን ሥር ስለሆነ፣ ሞተሩ ለሁለት ሳይከፈል ማየት ይቻላል። የሞላው መሰበር፣ የተሽከርካሪው አለመዞር ወይም የኮከቡ ብሎን መላላት ከተገኘ ሥራው እዚሁ ያበቃል፤ ሽፋኑ ዘይት እንዳያፈስ የሚገባበትን አዲስ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ግን አይርሱ።

ምልክቶቹ ሁሉ ወደ ጥርስና ወደ ሹካ ከጠቆሙ ሞተሩን መክፈል የግድ ነው፤ ይህን ልዩ መንቀያ ላለው ጋራዥ መስጠት ይሻላል፤ ሲከፈት ግን አጠገቡ ይቁሙ። ጤነኛ መቆለፊያ ጥርስ ጠርዙ ስል ነው፤ የተበላው እንደ ያገለገለ ሳሙና ጥግ ተድቦልቡሎ ያብለጨልጫል። ሹካውን መስታወት ላይ አስተኝተው መጣመሙን፣ ጫፉም በአንድ ጎን መበላቱን ወይም በሙቀት መጥቆሩን ይመልከቱ። የእኔ ሁለተኛ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር፤ ሁለተኛውን ማርሽ አስቀይሬ «ሹካው ደህና ነው» በመባሌ አሮጌው እንዲመለስ ፈቀድኩ። በትንሹ የተጣመመው ሹካ አዲሱን ማርሽ እስከ መጨረሻው ስላላስገባው፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ዳገት ላይ ያው ጩኸት መጣ፤ ሞተሩም ዳግም ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ የሚጋጠሙትን ሁለቱን ማርሾችና ሹካቸውን አንድ ላይ ነው የምገዛው። የተበላን ጥርስ በብየዳ እንሙላልህ የሚሉም ያጋጥማሉ፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያበላሽ እኔ አልተቀበልኩም።

ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት ዘንጉን በእጅ እያዞሩ ሁሉንም ማርሾች አንድ በአንድ ያስገቡ፤ ከተገጠመ በኋላም የመጀመሪያውን ዘይት 300 ኪሎ ሜትር ላይ ያፍስሱና ማግኔቱን እንደገና ይክተቱበት።