ዕቃው ሞጆ ሲደርስ የሚታወሱ ስህተቶች

«ዕቃው መርከብ ላይ ነው። ምዝገባው ስንት ቀን ይፈጃል?»

ለመድኃኒትና ለምግብ አስመጪዎች የምዝገባ ዶሴ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ጥያቄ ግን አሁንም እሰማዋለሁ። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ከፍሎ ጨርሷል። ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ዕቃ፣ ከዚያ ወረቀት። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ያልተመዘገበ መድኃኒት ገበያ ላይ አይውልም። ምዝገባ የሚጠየቅባቸው ምግቦችም እንደዚያው። ምዝገባው ካለቀ በኋላ ደግሞ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ለየጭነቱ የማስገቢያ ፈቃድ ይወጣል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። «ሰርተፊኬት አለኝ እኮ» ብሎ ያለ ፈቃድ የጫነ ሰው ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የማከማቻ ሒሳብ ሲቆጥርበት ይከርማል። ጎበዝ ትራንዚተርም አያድነው።

«ያው አንድ ኩባንያ አይደል?»

አይደለም። መድኃኒት የሚመዘገበው በአምራቹ ስም ብቻ ሳይሆን በተመረተበት ፋብሪካ ጭምር ነው። አንድ የህንድ አምራች ሁለት ሦስት ፋብሪካ ሊኖረው ይችላል። ተመርምሮ የመልካም አመራረት ሥርዓት (ጂኤምፒ) ማረጋገጫ ያገኘው ግን ምናልባት አንዱ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ዕቃው ገና ጉምሩክ መጋዘን ሳለ፣ የሽሮፕ ካርቶን አገላበጥኩ። ስሙ ልክ ነው። መጠኑ ልክ ነው። ጎኑ ላይ፣ ከባች ቁጥሩ (በአንድ ዙር ለተመረተው የሚሰጠው መለያ) በታች፣ ጤፍ በምታክል ፊደል የተጻፈው አድራሻ ግን የሌላ ከተማ ነበር። ለካ አምራቹ ትዕዛዝ ሲበዛበት ሥራውን ወደ ሁለተኛው ፋብሪካው አዙሮታል። ለእኛ የነገረን የለም። ጭነቱ ሳይገባ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የካርቶኑን ስድስት ጎን ፎቶ አስልኬ ከምዝገባ ሰርተፊኬቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክራለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሻላል።

ብዙ ሰው ይህን የቢሮክራሲ ጣጣ ይለዋል። እኔም እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ሞቱ። ሞታቸው ከውጭ ከገባ የሳል ሽሮፕ ጋር ተያያዘ። በሽሮፖቹም ውስጥ ዳይኤትሊን ግላይኮልና ኤትሊን ግላይኮል የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች ተገኙ። እንዲህ ያለ ጉድ ሲመጣ ሁሉም የሚሮጠው ወደዚያች የጤፍ ፍሬ ወደምታህል ጽሑፍ ነው፤ የት ተመረተ፣ ባቹስ የትኛው ነው?

«ኤፍዲኤ የተመዘገበ ነው!»

ይሄኛው ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ከሚደውሉ ወገኖቻችን የሚመጣ ነው። ቫይታሚን ወይም ሰፕልመንት አገር ቤት ማስገባት አስበዋል። ወርቃማ ማኅተም ያለበት ወረቀት በቴሌግራም ይልካሉ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ግን ሰፕልመንትን ገበያ ከመውጣቱ በፊት አያጸድቅም። እዚያ የሚመዘገበው ፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካው ተመዘገበ ማለት ደግሞ ምርቱ ታይቶ አለፈ ማለት አይደለም። የምዝገባ ሰርተፊኬት የሚባል ነገርም ኤፍዲኤ አይሰጥም። ያን ያሸበረቀ ወረቀት የሚሸጡት የግል ድርጅቶች ናቸው። እዚህ የሚጠቅመው ፍሪ ሴል ሰርተፊኬት ነው። ምርቱ በተሠራበት አገር በሕጋዊ መንገድ እየተሸጠ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነው። (አንድ ደንበኛዬ «በነጻ» የሚሸጥ መስሎት ዋጋ ሊከራከር ተዘጋጅቶ ነበር።)

«ኬንያ ተመዝግቧል» የሚሉኝም አሉ። የአፍሪካ መድኃኒት ኤጀንሲ ማቋቋሚያ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ ውሏል። ሆኖም የናይሮቢ ምዝገባ ሞያሌን አይሻገርም። በዓለም ጤና ድርጅት ቅድመ ብቃት ማረጋገጫ ያለፈ መድኃኒት ከሆነ ግን በትብብር የምዝገባ መንገድ ማመልከት ይቻላል። የዚያ መንገድ ዒላማ ውሳኔውን በ90 ቀን ውስጥ መስጠት ነው። ይህን አቋራጭ እያለ ረጅሙን የሚሄድ አስመጪ ያሳዝነኛል።

«አዲስ አበባ እኮ ብርድ ናት»

መድኃኒቱ እስከ ማብቂያ ቀኑ ሳይበላሽ መቆየቱን የሚያሳይ ጥናት ዶሴው ውስጥ ይገባል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ ጥናቱ የተካሄደው ብዙ ጊዜ በ25 ዲግሪ ሙቀትና በ60 በመቶ እርጥበት ነው። ለእኛ የሚጠየቀው በ30 ዲግሪና በ65 በመቶ፣ ወይም ከዚያ በከበደ ሁኔታ የተሠራ ነው። አምራቹ ደንግጦ በ40 ዲግሪ የተሠራውን የስድስት ወር የተፋጠነ ጥናት ይልካል። እሱ ደጋፊ ነው እንጂ የረጅም ጊዜውን አይተካም። የዚህን ጊዜ ነው አስመጪው የአዲስ አበባን ብርድ የሚያነሳው። ልክ ነው፣ ሐምሌ ላይ ካፖርት ያስለብሳል። ክኒኑ ግን ሰመራና ጋምቤላም ይሄዳል፤ እዚያ መደርደሪያ ላይ ማቀዝቀዣ የለውም።

የቀሩት በአጭሩ። ሰፕልመንት ላይ «ስኳር ያድናል» ብሎ ጽፎ በምግብነት ለማስመዝገብ መሞከር ከንቱ ነው፤ «ያድናል» ካለ እንደ መድኃኒት ይጠየቃል። የማብቂያ ቀን ላይ ስቲከር መለጠፍ፣ በቅንነት ቢሆንም፣ ማጭበርበር ይመስላል። ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ለሚመጣ የጥያቄ ደብዳቤ በጊዜው መልስ አለመስጠት ደግሞ ራስን በራስ ወረፋ ማስረዘም ነው።

የሕፃናት ወተት ግን ለብቻው ነው። አንድ ጋሼ ከዱባይ ናሙና ይዘው መጡ። ጣሳው ላይ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ይስቃል። የመረጡትም ለሥዕሉ ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ዓለም አቀፍ ደንብ የሕፃን ሥዕል በጣሳው ላይ አይፈቅድም፤ እዚህም ያስጠይቃል።

«ታዲያ ምን ይጻፍበት?» አሉኝ።

«የእናት ጡት እንደሚበልጥ።»

ጣሳውን አዙረው አዙረው አዩና ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው ከተቱት።