መብራት ሲጠፋ አስቸኳዩ መልእክት እንዲደርስ

የሱሉልታ ሌሊት ለጫጩት አይመችም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው ወዳጄ ዶሮ ቤት 20 ገመድ አልባ ሴንሰር የተከልነው። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። ሃያዎቹም እኩል «መብራት ጠፋ» ብለው ጮኹ። «ጥጉ ጋ እየቀዘቀዘ ነው» ያለው አንዱ በጫጫታው ሳይሰማ ቀረ። ያስተካከልነው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ አስቸኳዩን ለዩ። እኛ ሁለት ብቻ መረጥን፦ ከ30 ዲግሪ በታች የወረደ ሙቀትና ጭስ። ወዳጄ እርጥበቱም፣ ውሃውም፣ በሩም ይግባ ብሎ ነበር። እምቢ አልኩት።

ቀጥሎ ሌላውን ዝም አሰኙ። ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። የእድር ጥሩምባ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው ጎህ ሳይቀድ፣ ሁሉ ጸጥ ባለበት ስለሚነፋም ነው። ተራ ንባብ በየ10 ሰከንዱ ሳይሆን በየ5 ደቂቃው ይላክ። ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ ካልተለወጠ ጭራሽ አይላክ፤ በሰዓት አንዴ «አለሁ» ካለ ይበቃል። ሁሉም እኩል እንዳይጮኹ እያንዳንዱ በዕጣ የወጣለትን ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅ። መብራት መጥፋቱንማ አንዱ ሴንሰር ብቻ ቢናገር በቂ ነበር!

ሦስተኛ፣ መልእክት በሚያቀባብሉት መሣሪያዎች ላይ ወረፋውን ሁለት አድርጉት። አስቸኳዩ ሁልጊዜ ይቅደም። ቦታ ከጠበበ የሚጣለው ተራው ይሁን።

አራተኛ፣ «ደርሷል» የሚል መልስ ጠይቁ። ሴንሰሮቹ የሚነጋገሩበት ዚግቢ የተባለው የገመድ አልባ መገናኛ የቆመበት 802.15.4 የሚባል የሬዲዮ ደንብ፣ ካልነካካችሁት፣ መልስ ሲያጣ 3 ጊዜ ደግሞ ይሞክራል። ያ መልስ ግን የሚመጣው ከቅርቡ አቀባባይ እንጂ መልእክቱን ሁሉ ከሚሰበስበው ዋናው ተቀባይ አይደለም። ስለዚህ አስቸኳዩ መልእክት ከዋናው ተቀባይ መልስ እስኪመጣ ይደጋገም። በየሙከራው መሃል ያለው ጊዜ ግን እየረዘመ ይሂድ፤ አለዚያ ድግግሞሹ ራሱ መንገድ ይዘጋል።

የዚግቢውን ቻናል 25 አድርጉት። በቻናል 1፣ በ6 ወይም በ11 ከሚሠራ ዋይፋይ ይርቃል።

አቀባባዮቹም ዋናው ተቀባይም ባትሪ ይኑራቸው። መብራት ሲሄድ የዋይፋይ ሞደሙም አብሮ ስለሚሄድ፣ ማስጠንቀቂያው ሲም ካርድ ካለው መሣሪያ በኤስኤምኤስ ይውጣ።

ጫጩቶቹ ከመግባታቸው በፊት ሞክሩት። ብሬከሩን አውርዱ፣ አንዱን ሴንሰር ውጭ ብርድ ላይ አስቀምጡ፣ ሰዓት ያዙ። ስልካችሁ ካልጮኸ ወደ ሁለተኛው ሥራ ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ አሁንም የሚንጫጫ ሴንሰር አለ።