የእንግሊዝኛ ግጥም አንቶሎጂ (መድበል) ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ከፍታችሁ እነዚህን ግጥሞች እዩ

ከጥንት እስከ ዛሬ ያለውን የእንግሊዝኛ ግጥም ባንድ ትልቅ መፅሐፍ ላግኝ የምትሉ ልጆች እየበዛችሁ ነው፣ ደስ ይላል። እኔም እንደዛ ብዬ ነው የጀመርኩት ግን የመጀመሪያው ግዢዬ አልተሳካም። ኦንላይን አዝዤ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ አስመጣሁት፣ ሻጩ የለጠፈው ፎቶ የሙሉው መፅሐፍ ነበር፣ ስከፍተው ግን ሽፋኑ ላይ "ሾርተር" የሚል አጥሮ የተዘጋጀው እትም ሆኖ አገኘሁት። በጉጉት የጠበቅኳቸው ግጥሞች ብዙዎቹ የሉበትም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የሽፋኑን ፅሁፍ በሙሉ አንብቡ። ኖርተን የሚባለው አሳታሚ የሚያወጣቸው ኖርተን አንቶሎጂ ኦፍ ፖየትሪ እና ኖርተን አንቶሎጂ ኦፍ ኢንግሊሽ ሊትረቸር ደሞ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ አንድ አይደሉም፣ ሁለተኛው ድርሰትም ቲያትርም የተቀላቀለበት በብዙ ቅፅ የሚመጣ ነው።

ለኛ ማለትም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች ትልቁ ነገር የግጥሙ ብዛት ሳይሆን የግርጌ ማስታወሻው ነው። ቅኔ ያለ ፈቺ ሰሙን ይዘህ ወርቁን ጥለህ እንደምትሄደው በለው። የአንድሪው ማርቬልን "ቱ ሂዝ ኮይ ሚስትረስ" ውሰዱ፣ በ1681 የታተመ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው)። ሰውየው ለሚወዳት ሴት ጊዜ ቢኖረን ኖሮ "ቬጀቴብል" ፍቅሬ ከመንግስታት በላይ እየሰፋ በዝግታ ያድግ ነበር ይላታል። ቬጀቴብል ስትሉ የሚመጣላችሁ ጎመንና ካሮት ከሆነ ስንኙ ተበላሸ ማለት ነው። በዛን ዘመን ቃሉ የሚያድግ፣ እንደ ተክል ቀስ ብሎ የሚለመልም ማለት ነበር፣ ነፍስ ውስጥም የማደግ ሃይል የሚባል አለ ብለው ያስቡ ነበር። ይሄን ያወቀ ሰው ስንኙን ሲያነብ ዛፍ ነው የሚታየው። እና መፅሐፉን ስትመርጡ ይሄን ግጥም ፈልጉና እዛች ቃል ላይ ማብራሪያ አለ ወይ ብላችሁ እዩ፣ ከሌለ እኔ ለጀማሪ አልመክረውም።

ሌላው የምከፍተው ግጥም የኮልሪጅ "ኩብላ ካን" ነው፣ በ1816 የታተመው። እዛ ውስጥ አንዲት የአቢሲኒያ ልጅ ዱልሲመር የሚባል ባለ ክር የሙዚቃ መሳሪያ እየመታች ስለ አቦራ ተራራ ትዘፍናለች። ኮልሪጅ በእጁ በፃፈው ቅጂ ላይ ግን ስሙ አማራ ነው የሚለው! ሚልተንም በ1667 ባወጣው "ፓራዳይዝ ሎስት" ውስጥ የአቢሲኒያ ነገስታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት የአማራ ተራራ ብሎ ፅፎታል፣ የኛ የአምባ ግሸን ታሪክ እኮ ነው ባህር ተሻግሮ ግጥም የሆነው። ይሄን በማስታወሻው የሚነግራችሁ ኤዲተር ሌላውንም ቦታ በደንብ ሰርቶታል ብዬ ነው የማምነው።

ከዛ አሜሪካዊቷን ገጣሚ ኤምሊ ዲክንሰንን እዩ። ሞት በሰረገላ መጥቶ የሚወስዳትን ግጥም በ1890 ሲያትሙት "ዘ ቻርዮት" የሚል ርዕስ ሰጡት፣ ስድስት አንጓ የነበረውን አንዱን አውጥተው አምስት አደረጉት፣ የምትወዳቸውን ሰረዞቿንም አነሱባት። እንደፃፈችው ሆኖ የወጣው በ1955 በቶማስ ጆንሰን እትም ነው። በእጃችሁ ያለው አንቶሎጂ አምስት አንጓ ካለው የድሮውን ነው የገለበጠው።

"ኮምፕሪሄንሲቭ" (ሁሉን አቀፍ) ሲሉ ደሞ ሁሉንም ይዟል ማለት አይደለም፣ የአንድ ሰው ጣዕም ነው። የፓልግሬቭ "ጎልደን ትሬዠሪ" የሚባለው መድበል በ1861 ሲወጣ ገጣሚዎቹ ዊልያም ብሌክም ጆን ደንም አልነበሩበትም። ገጣሚው ዬትስ በ1936 ላዘጋጀው የኦክስፎርድ መድበል የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ገጣሚ ዊልፍሬድ ኦወንን ሆን ብሎ ተወው፣ ያውም ያን ሁሉ የሚያስለቅስ ግጥም የፃፈ ልጅ። ስለዚህ መግቢያውን ሳታነቡ አትግዙ፣ ማንን ለምን እንደተወ እዛ ይነግራችኋል። "ኢንግሊሽ ቨርስ" የሚል ርዕስ ካለው የእንግሊዝና የአካባቢዋ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እንደ ሴንት ሉሲያው ዴሪክ ዋልኮት ያሉትን ከፈለጋችሁ ስሙን ማውጫው ላይ ፈልጉት።

ባንድ መፅሐፍ ልጨርስ ካላችሁ የኔ ምርጫ ሙሉው ኖርተን ነው። ከጥንታዊው የኬድሞን መዝሙር ይጀምራል፣ የከበደ ቃል ፍቺው እዛው ዳር ላይ ይፃፍለታል፣ ከግጥሙ ስር በግራ የተፃፈበት በቀኝ የታተመበት ዓመት አለ፣ ይሄ ብቻውን ብዙ ያስተምራል። በጣም ረጃጅሞቹን ግን እየቆረጠ ነው የሚያቀርበው፣ "ፓራዳይዝ ሎስት"ን ሙሉውን ለብቻው ማግኘት አለባችሁ። ገንዘብ ከሌላችሁ ኩዊለር ኩች በ1900 ያዘጋጀው የኦክስፎርድ መድበል ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የድሮ መፅሐፎች ድረ ገፅ ላይ በነፃ አለ፣ ማብራሪያው ትንሽ ነው፣ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። በስልክ ስታነቡ ስልኩን አግድም ያዙት፣ አለዚያ ረጅሙ ስንኝ ይሰበርና ገጣሚው እዛ ጋ የቆረጠው ይመስላችኋል፣ ዊትማን ላይ በተለይ።

አዲሱ የኖርተን እትም የ2018 ነው፣ ግን የ2005ቱን ያገለገለ በርካሽ ካገኛችሁ አታመንቱ፣ የጥንቱ ገጣሚ ቾሰር እንደሆነ ያው ቾሰር ነው። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቀደዳል፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከኋላ ባለው ማውጫ አራት አምስት ግጥም ፈልጉና ገፁ በቦታው መኖሩን አረጋግጡ።