ለኢንዶስኮፒ ጉሮሮ ስናደነዝዝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኢንዶስኮፒና በብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮ አስገብተን ጨጓራንና ሳንባን በምናይበት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ታካሚ ሲታገል፣ ሲያስመልሰው፣ ቱቦውን በእጁ ሲመነጭቅ ያየሁባቸውን ቀናት መለስ ብዬ ሳስብ፣ ከአብዛኞቹ ጀርባ ያለው ምክንያት አንድ ነው፦ ጉሮሮ የሚያደነዝዘው መድኃኒት፣ ሊዶካይኑ ላይ ቸኩለናል።

ትልቁ ስህተት ረጭቶ አለመጠበቅ ነው። መድኃኒቱ ጉሮሮን ለማደንዘዝ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። እኛ ግን ወረፋው ረዝሟል ብለን ሁለቴ ረጭተን ወዲያው «በጎንዎ ይተኙ» እንላለን። ታካሚው ሲያቅለሸልሸው ደግሞ «አይተባበርም» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፍበታል። ይህ ግፍ ነው። በዙር በዙር እርጩ፤ መጀመሪያ ምላሱንና ላንቃውን፣ ደቂቃ ቆይታችሁ ከእንጥሉ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጠለቅ አድርጋችሁ። አፉ ውስጥ የተጠራቀመውን ይትፋው። ምራቅ የሞላው ጉሮሮ ላይ የተረጨ መድኃኒት ስለሚቀጥን ምራቁን አስቀድማችሁ በማሽን ምጠጡለት።

ሌላው ስሜቱን አስቀድሞ አለመንገር ነው። አንድ አዛውንት እጄን ጨብጠው «ልጄ፣ ትንፋሼ ሊቆረጥ ነው» አሉኝ። የደማቸው ኦክስጅን ግን 98 ፐርሰንት፣ ማለትም ጤናማ ነበር። የደነዘዘ ጉሮሮ አየሩ ሲያልፍበት አይሰማውም፤ ያበጠና የተዘጋ ይመስላል። ጥፋቱ የኔ ነበር። አሁን ገና ሳልረጭ «አባባ፣ ጉሮሮዎ የተዘጋ ይመስልዎታል፣ መድኃኒቱ ሲሠራ ነው፤ አየሩ ግን ይገባል» እላለሁ።

የሰጠነውን የሊዶካይን መጠን አለመቁጠር ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ሕይወት የሚያሳጣው እሱ ነውና። ስፕሬይ ስለሆነ ቀላል ይመስለናል። ለብሮንኮስኮፒ የመጣ፣ በሕመም የከሳ፣ 45 ኪሎ የሚመዝን ወጣት እናስብ። የ10 ፐርሰንቱ ስፕሬይ አንዱ ርጭት 10 ሚሊግራም ነው፤ 10 ጊዜ ረጨን፣ 100። አፍንጫው ውስጥ 6 ሚሊሊትር የ2 ፐርሰንት ጄል ገባ፣ 120። ቱቦው የድምፅ አውታሩን አልፎ ሲያስለው 2 ሚሊሊትር የ2 ፐርሰንት ፈሳሽ 5 ጊዜ ጨመርን፣ 200። ድምሩ 420 ሚሊግራም። የብሪታንያ የደረት ሕክምና ማኅበር በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ጣሪያውን በኪሎ 8.2 ሚሊግራም አድርጎት ነበር፤ ለዚህ ልጅ 369 ማለት ነው። ማናችንም ብዙ ሰጠሁ ሳንል አልፈነዋል። ለአዛውንት፣ ጉበቱ ወይም ልቡ ለደከመ ሰው ደግሞ ከዚህም ዝቅ ማለት አለበት። አንድ ሰው እየደመረ ይጻፍ። ታካሚው ጆሮዬ ጮኸ፣ አፌን ብረት ብረት አለኝ ካለ፣ ከተወናበደ ወይም ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ አቁሙ፣ ኦክስጅን ስጡ፣ ሰው ጥሩ። የሊዶካይን መመረዝ ማርከሻ የሆነው የ20 ፐርሰንቱ ኢንትራሊፒድ (በደም ሥር የሚሰጥ የቅባት ፈሳሽ) የት እንደተቀመጠ ከጠዋት ጀምሮ እወቁ።

ቤንዞካይን የተባለውን ሌላ ማደንዘዣ የምትጠቀሙ ካላችሁ ተጠንቀቁ። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ኦክስጅን እየተሰጠው የኦክስጅን ንባቡ 85 አካባቢ ከቆመ፣ ደሙም ቸኮሌት ከመሰለ ሜትሄሞግሎቢኔሚያን (ደም ኦክስጅን በደንብ መሸከም የሚያቅተው ችግር) አስቡ። መድኃኒቱ ሜቲሊን ብሉ ነው፤ የጂ6ፒዲ (ቀይ የደም ሴልን የሚጠብቅ ኢንዛይም) እጥረት ላለበት ሰው ግን እሱም አደገኛ ነው።

ከምርመራው በፊት ሆዱ ባዶ መሆኑን ለማወቅ «ምን ቀመሱ?» ብቻ ብሎ መጠየቅም አይበቃም። በማለዳ ጠበል ጠጥቶ የመጣ ሰው ከልቡ «ምንም» ይላችኋል። ጠበልን በስሙ ጠይቁ፤ ስንት ኩባያ፣ በስንት ሰዓት?

የቀረው ስህተት ኮሪደር ላይ የሚሠራው ነው። አንዲት እናት ምርመራውን ጨርሰው ወጡ። ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። ልጃቸው አንጀቷ አልችል ብሏት ፔርሙዙን ከፍታ ሻይ ቀዳችላቸው። ሁለቴ ፉት እንዳሉ ሻዩ በአፍንጫቸው ተመለሰ፤ ሳሉ ትንፋሽ አሳጣቸው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ማንም አልነገራትም። ጉሮሮ እስኪነቃ ድረስ የተጠጣው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ትኩስ ከሆነም ሳይታወቅ ያቃጥላል። 1 ሰዓት ያህል ምንም አይቅመሱ፤ ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞክሩ። ሳይስሉ ከዋጡ ሻዩ ይከተላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ለአስታማሚው በእጁ እሰጣለሁ፦ «እስከ 6፡30 ውሃም ቢሆን እንዳይጠጡ።»