ባትሪ ከመላካችሁ በፊት የፍሪጁን ጀርባ ፎቶ አስነሡ

እናቴ ኢንሱሊኗን የምታስቀምጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር በሩን ማንም እንዳይከፍተው ትጠብቃለች። ይህን በስልክ ስሰማ አላስቻለኝም፤ ምንም ሳልጠይቅ ካለሁበት ሀገር ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር መሣሪያ) አንድ ላይ የያዘ ዕቃ ገዝቼ በመርከብ ላክሁ። ለካ የሚያወጣው 120 ቮልት ነው፣ የእናቴ ፍሪጅ ደግሞ የ220። ምንም አልጠቀማትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ደውሉ። መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለበት ምንድነው? «ሁሉም» ካሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ምድጃ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ ባትሪውን በአጭር ጊዜ ስለሚጨርሱት ይቅሩ። ፍሪጁ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ፣ ቮልቱም ዋቱም እዚያ አለ።

ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። ፍሪጁ 120 ዋት ቢሆንና ግማሹን ሰዓት ቢሠራ በአማካይ 60 ዋት ነው፤ አራት አምፖልና ዋይፋይ ሲጨመር ወደ 105 ይደርሳል፣ ለ8 ሰዓት ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር 1,000 ዋት-ሰዓት ገደማ ያዙ። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ (እንደ መኪና ባትሪ ያለው) በወረቀት 2,400 ዋት-ሰዓት ነው (ቮልቱ በአምፒር-ሰዓቱ ሲባዛ)፣ ግን ቶሎ እንዳይሞት ከግማሽ በታች ባይወርድ ይሻላል፤ ስለዚህ የምትጠቀሙበት 1,200 ያህሉን ነው። ባለ 12 ቮልት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 100 አምፒር-ሰዓቱ ብቻ ያንኑ ያህል ያገለግላል፣ ዕድሜውም በጣም ይረዝማል። አቅም ካላችሁ እሱን ግዙ።

ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መንገዱ መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ፣ ይሁን። ኮምፕረሰር (የፍሪጁ ሞተር) ሲነሣ ለአፍታ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ዋቱን ሰፋ አድርጉት።

በሻንጣ ይዤ እገባለሁ አትበሉ፤ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይፈቀድም። እዚያው መግዛት ይሻላል፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ሰው አጠገብ አለ።

ገጠማውን ለጎረቤት ልጅ አትተዉት፣ እባካችሁ። የባትሪው ኃይል ወደ መንገዱ መስመር እንዳይመለስ የሚለየው ማብሪያ የግድ መገጠም አለበት፣ አለዚያ ምሰሶ ላይ የሚሠራ ሰው ሊሞት ይችላል። ክፍት (ውሃ የሚጨመርበት) ሊድ አሲድ ከሆነ ደግሞ ሲሞላ ሃይድሮጅን፣ ማለትም ሊፈነዳ የሚችል ጋዝ፣ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አይቀመጥ።

ለባለሙያው የመጨረሻውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት በቪዲዮ ደውሉና ዋናውን ብሬከር ያጥፉላችሁ። ስልኩን ፍሪጁ አጠገብ ያስቀምጡት። ኮምፕረሰሩ ተነሥቶ ድምፁን እስክትሰሙ አትዝጉ።