የቤተሰብ ጉዞው እንደተባለው ካልሆነ

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ቤተሰብ ይዛችሁ ሄዳችሁ የተባለው ካልተገኘ፣ ቅሬታውን እዚያው ሳላችሁ ጀምሩ። ሐይቅ ዳር የተባለው ክፍል ጓሮ ከሆነ ሻንጣ ሳትፈቱ ፎቶ አንሱ፤ ለአስጎብኚው በቃል ነግራችሁ በቴሌግራምም ጻፉለት፣ ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀራል። አብዛኛው ቅሬታ የሚወድቀው «ያኔ ለምን አልነገራችሁንም?» ሲባል ነው።

ስትመለሱ ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃዋል። «ጉዞው አላስደሰተንም» ማንንም አያንቀሳቅስም፤ «የ3 ሌሊት የሐይቅ ዳር ክፍል ከፍለን በጓሮ በኩል ባለ ክፍል ስላደርን የዋጋው ልዩነት ይመለስልን» በሉ። የደረሰኝ ቁጥሩን ጥቀሱ፣ በ2 ኮፒ አስገብታችሁ በእናንተው ኮፒ ላይ «ደርሶናል» አስፈርሙና ማህተም አስመቱ። እምቢ ካሉ ይህንኑ ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃን ብቻ ሳይሆን አገልግሎትንም ይመለከታል።