ሳሎን ለምታስተካክሉ፣ ከናንሲ ላንካስተር የተማርኩት

ሳሎን ልታስተካክሉ ካሰባችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ፈርኒቸር ቤት አትሂዱ። እኔ እንደዛ ነው የጀመርኩት፣ ኤል ሶፋውን ቡፌውን ምንጣፉን በአንድ ቀን ገዝቼ ብሩም አለቀ፣ ከዛ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ኩሽና ነው የሚሰበሰበው፣ ሳሎኑ ባዶውን ይቀራል። በጣም ነው ያዘንኩት። ቆይቶ ስለ ናንሲ ላንካስተር፣ እንግሊዝ አገር ትሰራ ስለነበረችው የቤት ዲኮር ባለሙያ ሳነብ ነው ስህተቴ የገባኝ።

እሷ እ.ኤ.አ. በ1897 አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው የተወለደችው፣ ሚራዶር የሚባለው የእናቷ ቤተሰቦች ርስት ላይ። አክስቷ ናንሲ አስተር በ1919 እንግሊዝ ፓርላማ ገብታ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ባሏ ሮናልድ ትሪ የፓርላማ አባል፣ ከሱ ተፋታ ያገባችው ክላውድ ላንካስተርም የፓርላማ አባል፣ ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ቤቷ ፖለቲከኛ ሲገባ ሲወጣ ነው የኖረችው፣ እና ሙያውን የተማረችው እንግዳ እየተቀበለች ነው ብዬ ነው እኔ የማስበው።

ዲችሊ ፓርክን እዩት። በ1933 ከባሏ ጋር የገዙት ኦክስፎርድሺር ያለ ትልቅ ቤት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር ቤት ቼከርስ በጨረቃ ብርሃን ከጠላት አውሮፕላን ይታያል ተብሎ ስለተሰጋ፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቅዳሜና እሁድ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ከነሰዎቹ ዲችሊ ይሄድ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጦርነት ሲመራ የከረመ ሰው ቤትህ ሲመጣ የሚፈልገው ምቹ ወንበር ነው፣ የሞቀ ክፍል ነው።

እና የመጀመሪያው ስራ ይሄ ነው፦ ሳሎናችሁ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀመጡ፣ ቢያንስ አምስት አምስት ደቂቃ። ስኒ የማስቀምጥበት ቦታ እጄ ይደርሳል ወይ? ፊት ለፊቴ ካለው ሰው ጋር ሳልጮህ ማውራት እችላለሁ ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ቤት ሶፋው በሙሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መሀሉ ሜዳ ነበር፣ ሁለቱን ወንበሮች ወደ መሀል ሳብ አድርጌ ለረከቦቱ ቦታ ስተውላቸው ሳሎኑ ሌላ ሆነ፣ አንድ ብር አላወጣሁም። ሶፋው ላይ ያለውን ፕላስቲክም አንሱት በናታችሁ፣ ሰው እንዲቀመጥበት አይደል የተገዛው።

ቀጥሎ መብራት። ጣሪያ ላይ ያለው ነጭ አምፖል ብቻውን ሲበራ ሰው ሁሉ የታመመ ነው የሚመስለው። ሁለት ሦስት የጠረጴዛ መብራት በተለያየ ጥግ አስቀምጡ፣ አምፖሉ ካርቶን ላይ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለውን ግዙ፣ ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቢጫማ ነው።

ቀለም ላይ ደግሞ አትፍሩ። ናንሲ በ1940ዎቹ ኮልፋክስ ኤንድ ፋውለር የሚባለውን የለንደን የዲኮር ድርጅት ገዝታ ከጆን ፋውለር ጋር ነበር የምትሰራው፣ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ነበር የሚኖሩት ይባላል፣ ግን ከድርጅቱ በላይ ባለው መኖሪያዋ የሰሩት ቢጫው ሳሎን እስካሁን ስሙ ይነሳል፣ ግድግዳው እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር። ግን ከትንሿ የናሙና ወረቀት ላይ አይታችሁ አትምረጡ። አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ቀለም ገዝታችሁ ትልቅ ካርቶን ቀቡና ግድግዳው ላይ ለጥፉት፣ ጠዋት እዩት፣ ማታ መብራት አብርታችሁ እዩት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ወስኑ። ቢጫ በተለይ ግድግዳ ሲሞላ ካሰባችሁት በላይ ስለሚደምቅ አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ውሰዱ።

ሌላው፣ ሁሉም አዲስ እንዳይሆን። ናንሲ ትንሽ ያረጀ የደበዘዘ ነገር ክፍል ውስጥ ሲኖር ነበር የምትወደው፣ የሱቅ መስታወት እንዳይመስል። የእናቴን መሶብ ከቁምሳጥን ላይ አውርጄ ከሶፋው አጠገብ አደረግኩት፣ አሁን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ ወሬውም ከዛ ይጀመራል።

መታጠቢያ ቤቱንም እንዳትረሱ፣ ናንሲ እንደ አንድ ሙሉ ክፍል ነበር የምታየው፣ ወንበርና ምንጣፍ ሁሉ ታስገባበት ነበር። ቦታ ካላችሁ አንድ በርጩማ፣ አንድ ስዕል አድርጉበት፣ ስዕሉ ግን እንፋሎት እንዳይገባው መስታወት ያለው ፍሬም ይሁን።